ቀይ ሆነሻልና ቶሎ ነይ

ጥፋቱን ከራሴ ልጀምርና ልገላገል። የመምህራኑን ስም ኮምፒውተር ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በቁጥር ጻፊያቸው ተብዬ ነበር። «ፋይል አንድ፣ ፋይል ሁለት» እያልኩ አምስት እንደደረስኩ ሰለቸኝና በስማቸው ጻፍኳቸው። አንድ የተከበረ መምህር ቀይ ነህ ተብሎ ግምገማ የተቀመጠው፣ አንዲት ሴት ሁለት ቀን በጀልባ የተንገላታችው፣ የእኔም ሕይወት መንገዱን የቀየረው በዚህች ስንፍና ነው። እያነበባችሁ ብትስቁ አልቀየማችሁም። እኔ ግን የሳቅኩት ቆይቼ ነው።

ያኔ ጋምቤላ ክልል ከተባለች ብዙም አልቆየችም። ቢሮዎቹ ገና ቀለም ቀለም ይሸታሉ፤ ማኅተሙ ከሠራተኛው ይበዛል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥቤ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ቀርቶ፣ ከተማው መሃል ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በኮንትራት ጸሐፊነት ተቀጥሬ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። አባቴ በሥራ ተመድቦ ከደጋ የመጣ ነርስ ነው፤ እኔ ያደግሁት እዚሁ ባሮ ዳር ነው። አፌም እግሬም አያርፍም። እናቴ «ጽጌን ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት ጸሎት ይደረግለት» ትል ነበር።

ሥራዬ የመምህራንን የዝውውር ነጥብ በእጅ ማስላት ነው። በየክረምቱ ዝውውር የሚጠይቁ መምህራን ቅጽ ይሞላሉ። የአገልግሎት ዘመን ነጥብ አለው፣ ትዳር ነጥብ አለው፣ ሕመም ነጥብ አለው፣ የትምህርት ቤቱ ርቀት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ነጥብ አለው። ነጥቡ የበዛ ይዛወራል፤ ያነሰው ከርሞ ይሞክራል። እኔ አስልቼ ለኮሚቴ አቀርባለሁ፣ ኮሚቴው ተጨቃጭቆ ያጸድቃል።

ይህን ሥራ ለኮምፒውተር እንዲያስተምር ሄኖክ የሚባል ፕሮግራመር ከአዲስ አበባ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሙቀቱን እንደ ግል ጠላት የሚያይ ልጅ ነው። ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩን፤ ሦስቱም ዳንቴል ለብሰው፣ ዋናው ባለበት ክፍል ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው። ሄኖክ መጀመሪያ ቀን በጫማ ሲገባ ጥበቃው ከኋላው ሮጦ ያዘው።

ፕሮግራሙን ጽፎ ሲጨርስ ጠየቅኩት፤ «ልክ መሥራቱን በምን ታውቃለህ?»

«በአንቺ» አለኝ። «ባለፈው ዓመት በእጅሽ ያሰላሻቸውን፣ ኮሚቴው ያጸደቃቸውን አርባ ፋይሎች ስጪኝ። ፕሮግራሙ በየጠዋቱ አርባውንም ራሱ እንደገና ያሰላና ከአንቺ መልስ ጋር ያስተያያል። ሰው ሳይነካው ራሱ ይፈተናል።»

«ፈታኝዋ እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«መልሱን የያዝሽው አንቺ ነሽ።»

ዕድሜ ልኬን ስፈተን ኖሬ ፈታኝ መባሌ ደስ አለኝ። ደስታው የቆየው ውጤቱን እስካይ ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይወርዳል።

«ይህን ማን ያነበዋል?» አልኩት።

«እኔ።»

«አንተ ስትሄድስ? እዚህ ቤት ፊደል ሲበዛበት ዓይኑን የሚያመው ሰው ብዙ ነው። እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ አድርገው። ሁሉም ከወንበሩ ሳይነሳ የሚያየው።»

ትንሽ አሰበና «ዌብ ገጽ እንሥራለታ» አለ።

ኢንተርኔት የሚባል ነገር በከተማው አልነበረም። እንደማያስፈልግም ያን ጊዜ ተማርኩ። ዋናው ኮምፒውተር ገጹን ይይዛል፤ ሌሎቹ ሁለቱ በገመድ ከእሱ ጋር ተያይዘው ገጹን ያዩታል። አንዱ ያለው የቢሮው ኃላፊ ክፍል ነው፣ ሌላው የዝውውር ቡድን መሪው የአቶ ጌታሁን ክፍል። ሦስት ቀን ገመድ ስንጎትት ዋልን። በመስኮት አሾልኬ፣ ጣሪያ ሥር ቸንክሬ፣ ሽፋኑን በጥርሴ ልጬ ነው ያገናኘሁት። ገጹንም እኔ ጻፍኩት፤ ሄኖክ እያሳየኝ። ሠንጠረዥ ነው። አንድ ረድፍ ለአንድ ፋይል፤ የእኔ መልስ፣ የማሽኑ መልስ፣ ከገጠሙ ረድፉ አረንጓዴ፣ ካልገጠሙ ቀይ። ሄኖክ «ዳሽቦርድ» ይለዋል። ቢሮው ግን ወዲያው «ሰሌዳው» አለው። የፋይሎቹን ስያሜ የመጻፉ ሥራ ለእኔ ቀረ፤ እዚህ ላይ ነው በስማቸው የጻፍኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ከፈትነው። ሠላሳ አምስት አረንጓዴ፣ አምስት ቀይ።

«አምስት ወደቁ» አልኩ።

«ተመስገን በይ» አለ ሄኖክ። «ቀይ ማለት ስህተት ተያዘ ማለት ነው። የሚያስፈራው ያልተያዘው ነው። ነገ እፈልገዋለሁ።»

ነገ ግን ወባ ያዘው። ሆቴሉ ውስጥ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ጥርሱ ሲንገጫገጭ አባቴ መድኃኒት ሰጠው። እኔ ከሆቴሉ ስመለስ አቶ ጌታሁን ክፍሉ ሆኖ በመስኮት ጠራኝ። አቶ ጌታሁን ክፉ ሰው አልነበረም። ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር። ሪፖርት የሚወድን ሰው ከክፉ ለመለየት ግን ጊዜ ይፈጃል።

«አንቺ ልጅ፣ መምህር ኮንግ ምን አጥፍቶ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ቀይ ሆነ?»

«እሱ አይደለም ቀይ የሆነው፣ የእሱ ስሌት ነው።»

«ስሙ ነው የተጻፈው» አለ፣ በጣቱ ስክሪኑን እየነካ። «አምስት ሰዎች ችግር አለባቸው። ዓርብ ኃላፊው እንግዶች ይዞ ሰሌዳውን ሊመርቅ ነው። እስከዚያ በግምገማ መስተካከል አለባቸው።»

ያን ዘመን የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው። የሚፈስ ጣሪያም ቢሆን፣ የዘገየ ደብዳቤም ቢሆን መድኃኒቱ ግምገማ ነው። ሰው ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው ራሱን ይሂሳል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ጣሪያው ይፈሳል።

መምህር ኮንግ ከጂካዎ በኩል ለክረምት ከተማ የመጣ የኑዌር ሰው ነው፤ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ቁመት አለው። ማክሰኞ ከሰዓት አቀረቡት። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ።

«መምህር ኮንግ» አለ አቶ ጌታሁን፤ «በሰሌዳው ላይ ቀይ መሆንዎ ታውቋል። ራስዎን ይሂሱ።»

መምህር ኮንግ እጁን አየ፣ ገልበጥ አድርጎም አየው። «እኔ እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖሬ፣ ቀይ ነህ ያለኝ ሰው የለም» አለ። «ዛሬ አንተ አልከኝ። እሺ፣ እቀበላለሁ። ግን ሚስቴ አታምንም።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እኔ እስክሪብቶዬን ነከስኩ።

«ቀልድ አይደለም፣ መምህር።»

«እኔም አልቀልድም። ግለ ሂስ ከሆነ አደርጋለሁ። ቀይ ሆኛለሁ፤ ለወደፊት አሻሽላለሁ። ጻፊው፣ እህቴ።»

ጻፍኩት። ቃለ ጉባኤው ዛሬም የሆነ ሳጥን ውስጥ ይኖራል።

የቀሩት አራቱ በየትምህርት ቤታቸው ነበሩ። አቶ ጌታሁን ሬዲዮ መገናኛ ለነበረበት ሰኞውኑ መልእክት አስተላልፎ ኖሯል። በባሮ ታች ራቅ ብላ በምትገኘው ማታር ለነበረችው ለመምህርት ዘውድነሽ የደረሳት ይህ ነው፤ «ቀይ ሆነሻልና ቶሎ ነይ።» ሌላ ቃል የለውም።

ዘውድነሽ አስተማሪዬ ነበረች፤ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረችኝ፣ «አፍሽን ሳይሆን እርሳስሽን አሹይ» ያለችኝ እሷ ነች። ከዚያ ወደ ማታር ተመደበች። አራት ዓመት ሆናት። ባሏና ሴት ልጇ ደጋው ላይ፣ ጎሬ ናቸው። ባለፈው ዓመት ዝውውር ጠይቃ በጥቂት ነጥብ ቀረች። ዘንድሮ ግን ሞልቶላታል፤ በእጄ አስልቼዋለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ቢሮው ደረሰች። ልብሷ ጭቃ፣ ፊቷ ፀሐይ የበላው፣ እግሯ አብጧል።

«ቲቸር» አልኳት።

«ጽጌ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ማን ነው የከሰሰኝ?»

ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል አስገባኋት። ጫማዋን ለማውለቅ ሁለታችንም ታገልን። ሰሌዳውን አሳየኋት። ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ለዚህ ነው? ሁለት ቀን በጀልባ ያስመጣችሁኝ፣ ሣጥን ቀይ ስለቀባችሁ ነው?»

«ይቅርታ፣ ቲቸር።»

«ይቅርታሽን ኋላ እቀበላለሁ። አንቺ ስንት አልሽ?»

«የርቀት ነጥብሽን ዘጠኝ።»

«እሱስ?»

«ዜሮ።»

«ዜሮ የሚያገኘው የት ያለ ሰው ነው?»

«እዚህ፣ ከተማው መሃል ያለ።»

ከዚያ ቀዮቹን አምስት ስሞች በጣቷ ወረደችባቸው። ሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ሦስተኛው ላይ ቆመች። «እነዚህ ሁሉ በክረምት በጀልባ የሚገባባቸው ናቸው። ቅጹ ‹በመኪና መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር› ይላል። መኪና የለም፣ ስለዚህ ሰረዝ አደረግንበት። ይሄ ማሽንሽ ሰረዟን ባዶ ብሎ አነበባት። ባዶ ማለት ለእሱ ሩቅ የለም ማለት ነው። ማታርን ገበያው አጠገብ አምጥቶ አስቀመጣት።»

እኔ ቅጹን ሳሰላ ሰረዝ ካየሁ ሙሉ ነጥብ እንደምሰጥ ለሄኖክ መንገር አልታሰበኝም ነበር። ጀልባ መሆኑን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ በምን ላስብ?

ሮጬ ሆቴል ሄድኩ። ሄኖክ ዓይኑን ሳይከፍት ሰማኝ። «አንዲት መስመር ናት» አለ። «ግን አሁን ፊደሉ ይዋኝብኛል። እስከ ሰኞ አቆዩኝ። ቀዩን ግን አትንኩ።»

ይህንኑ ለአቶ ጌታሁን ነገርኩት። ሐሙስ ጠዋት ነው።

«ሰኞ የለም» አለ። «ነገ ይመረቃል፣ ነገውኑ ማሽኑ ያሰላው የዘንድሮ ዝውውር ዝርዝር ይለጠፋል። ኮምፒውተር አይሳሳትም፤ ሰው ነው የሚሳሳት። የአንቺን መልስ ከማሽኑ ጋር አስተካክዪ። ያን ጊዜ አረንጓዴ ይሆናል።»

«ይሆናል። መምህርት ዘውድነሽ ግን ዘጠኝ ነጥብ ታጣለች። ትቀራለች።»

«ከርሞ ትሞክራለች።»

«ልጇ ባለፈው ክረምት ‹እትዬ› ብላ ጠራቻት። እናቷ መሆኗ ጠፍቷታል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ልቡን ትንሽ የነካው መሰለኝ። ከዚያ «ኮንትራትሽ የሚታደሰው በማን ፊርማ ነው?» አለ።

«በእርስዎ።»

«እንግዲያውስ ሂጂና አረንጓዴ አድርጊው።»

ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ማታለል ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ልንገራችሁ፤ አምስት ቦታ ዘጠኝ የሚለውን አጥፍቶ ዜሮ መጻፍ ነው። ውኃ የመጠጣት ያህል ጊዜ አልወሰደም። ሰሌዳው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ፤ ሲያዩት እንደ በቆሎ ማሳ ያምራል። ዘውድነሽ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሻሻለች፤ በመስኮት ትታየኛለች።

እንግዲህ በዚያ ሰዓት ነው ያ የማያርፈው ነገሬ የተነሳው። ታዝዣለሁ፣ አድርጌያለሁ። ሰሌዳው አረንጓዴ ይሁን ተባልኩ እንጂ አርባ ብቻ ይሁን አልተባልኩም።

በዝውውር ደንባችን ሄኖክ ለማሽኑም ያስተማረው አንድ አንቀጽ ነበረ፤ በአንድ ከተማ ውስጥ የሚደረግ ሽግሽግ የሠራተኛው ፈቃድ አይጠየቅበትም። ነጥብም ማመልከቻም አያሻም። አቶ ጌታሁን ቡድን መሪ ከመሆኑ በፊት አስተማሪ ስለነበረ ፋይሉ መደርደሪያው ላይ አለ። አወረድኩት። አርባ አንደኛ ረድፍ ጨመርኩ። ከ፦ ዋናው ቢሮ። ወደ፦ ማታር። የእኔ መልስ፦ «በከተማ ውስጥ ሽግሽግ፣ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ይቻላል።» ማሽኑ ራሱን ፈተነ። ይቻላል አለ። አረንጓዴ።

ዓርብ ጠዋት ኃላፊው አቶ ኡቻላ ሁለት እንግዶች ይዞ መጣ። አኙዋክ ነው፤ ባሮን ከነመታጠፊያው የሚያውቅ፣ ብዙ የማይናገር ሰው። ሁሉም ጫማ አወለቀ። አቶ ጌታሁን በካልሲው ቆሞ ንግግር አደረገ። ዘመናዊ አሠራር፣ ግልጽነት፣ መቶ በመቶ። እኔ ጥግ ቆሜያለሁ። በሩ ተከፍቷል፤ ዘውድነሽ ከደጅ ሆና ታያለች።

«ጥሩ ነው» አለ አቶ ኡቻላ። «ሁሉ አረንጓዴ ነው።» ከዚያ ያልጠበቅነውን አደረገ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከላይ ጀምሮ እያንዳንዱን ስም በጣቱ እየወረደ ማንበብ ያዘ። አንደኛው እንግዳ ሰዓቱን አየ። ጣቱ ታች ደረሰ።

«ጌታሁን፣ አንተም እዚህ አለህ።»

«እኔ?»

«ማታር ትሄዳለህ ይላል። ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ልክ ነው?»

አቶ ጌታሁን ጎንበስ ብሎ አነበበ። ሁለት ጊዜ። «ይሄ... የማሽን ስህተት ይሆናል።»

«አረንጓዴ ነው» አለ አቶ ኡቻላ። «አረንጓዴ ልክ ነው ብለህ አሁን ነገርከን።»

«በከተማ ውስጥ ነው የሚለው፣ ጌታዬ። ማታር ከተማ ውስጥ አይደለችም።»

«እኔም አይደለችም እላለሁ። ምሳ በልቼ በእግሬ ደርሼ የተመለስኩ አይመስለኝም። ታዲያ ይህን ያለው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ አቶ ጌታሁን ዞረ። የእኔ አፍ ደግሞ ከድሮም አያርፍም።

«ማሽኑ ነው» አልኩ። «የመኪና መንገድ የሌለውን ትምህርት ቤት ሁሉ ከተማ ውስጥ ነው ይላል። አምስት ቀይ ነበረ። አረንጓዴ አድርጊ ተባልኩ፣ አደረግኩ። የአቶ ጌታሁንን የጨመርኩት በራሴ ነው፤ ማንም አላዘዘኝም።»

አቶ ኡቻላ ወደ በሩ ዞረ። «አንቺ ነሽ ከማታር የመጣሽው? ስንት ቀን ፈጀብሽ?»

«ሁለት» አለች ዘውድነሽ። «አንዱን ቀን ዝናብ እየመታን።»

«ዝርዝሩ ዛሬ አይለጠፍም» አለ። «ቀዩን መልሺው።»

እዚያው በፊታቸው መለስኩት። አምስት ቀይ። እንግዶቹ ምረቃ ብለው መጥተው ቀይ ተመረቀላቸው። አቶ ጌታሁን ካልሲውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ሪፖርት የሚወድ ሰው መውጫ አያጣምና አንድ ነገር አነሳ።

«ነጥቧ ቢሞላም መምህርት ዘውድነሽ መልቀቂያ አይጻፍላትም። ተተኪ የለም። ያለ ተተኪ መልቀቅ ደንብ አይፈቅድም።»

እውነቱን ነው። ክልሉ አስተማሪ አልነበረውም። ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ሁሉ በኮንትራት ያስተምር ነበር፤ ማታር ድረስ የሚሄድ ግን አይገኝም። ዘውድነሽን አየኋት። አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ወደ ጀልባው እንደሚመለስ ሰው።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

ማን እንደተናገረ ለማየት እኔም ዞሬ ነበር ማለት ይቻላል።

«አንቺ ሒሳብ ትችያለሽ?» አለ አቶ ኡቻላ።

«ቲቸርን ይጠይቋት።»

ዘውድነሽ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «ሒሳቡን ትችላለች» አለች። «ወንበር ላይ መቀመጥ ነው የማትችለው። ለአስተማሪ ደግሞ እሱ አያስፈልግም።»

ሰኞ ሄኖክ እየተንገዳገደ መጥቶ ያቺን አንዲት መስመር አስተካከለ። ማክሰኞ ጠዋት ሰሌዳውን ስንከፍት አርባዎቹም አረንጓዴ ነበሩ፤ ማንም ሳይቀባቸው። አርባ አንደኛውን «ልሰርዘው?» ስለው ሄኖክ አልፈቀደም። ማሽኑ አሁን «አይቻልም» ይላል፣ የእኔ መልስ «ይቻላል» ስለሚል ረድፉ ቀይ ሆነ። የእኔን መልስ «አይቻልም» ብዬ አረምኩት፤ አቶ ጌታሁን በመጨረሻ እውነተኛ አረንጓዴ ሆነ። እኔንም ተንኮል ፈጽማለች ብለው ገመገሙኝ። ግለ ሂሴን ሰጠሁ፤ የሰው ስም መጻፌን፣ አምስት ዜሮ መጻፌን አመንኩ። አርባ አንደኛውን ረድፍ በተመለከተ ግን ጸጸት አላስመዘገብኩም።

ማታር ሦስት ዓመት አስተማርኩ። ኋላም ትምህርቴን የቀጠልኩት በዚያው በማስተማሩ መንገድ ነው። እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባት ዛሬ ከእኔ የተሻለ ሰሌዳ ፊት ትቀመጡ ይሆናል። ምክር አልሰጥም፣ ምክር የሚሰጥ ሰው ያንገሸግሸኛል። እኔን የቀየረኝን ብቻ ልንገራችሁ። ከዚያ ሳምንት በፊት ቀይ ነገር ሳይ እደብቅ ነበር፤ የፈተና ወረቀቴን ፍራሽ ሥር ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ተማሪ ተሳስቶ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ጋ ነው ያልገጠመው?» ነው። ያሳፈርኩት ልጅ የለም አልልም። ግምገማ ያስቀመጥኩት ግን የለም።

በመጀመሪያው ዓመት ጥቅምት ላይ ከጎሬ ደብዳቤ መጣልኝ፣ በዘውድነሽ ቀጥ ባለ የጥቁር ሰሌዳ ጽሑፍ። «ጽጌ፣ እዚህ ብርድ ነው። ባሌ ያንኮራፋል፣ ድሮ ይሁን ዘንድሮ የጀመረው አላውቅም። ልጄ ሁለት ሳምንት ከሩቅ አየችኝ፣ ትናንት ግን ተጣላችኝ፤ ‹አንቺ እማዬ ነሽ እንዴ የምትቆጪኝ?› አለችኝ። አዎ አልኳት። አሰበችና እሺ አለች። ሰባተኛ ክፍሎች ክፍልፋይ ያስቸግራቸዋል፣ ዓሣ እየቆረጥሽ አስተምሪያቸው።»